የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?



መስከረም በጠባ ቁጥር ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ አባባል በየቤቱ ይሰማል። «የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለው ነው። ትርጉሙ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በክረምት ጎተራ ይጎድላል፤ ሐምሌንና ነሐሴን ብዙ ሰው ጎመን እየቀቀለ ይሻገራል፤ መስከረም ሲጠባ ግን የእሸት ተስፋ ይመጣል። እንግዲህ የችግሩ ምንቸት ይውጣ፣ የጥጋቡ ይግባ ነው ነገሩ። እኛም በ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ቦሩ ሜዳ ከአከራያችን ቤት ቡና ስንጠጣ ይህንኑ ሰማን። ከመካከላችን አንዱ ሳያስበው «ኧረ እማማ፣ የኛ ምንቸት እንኳ ባይወጣ ይሻላል!» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ማታ ወደ ክፍላችን ስንመለስ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ዓመቱን ሙሉ ያበላንን ምንቸት ውጣ ማለት ውለታ ቢስነት አይሆንም ወይ? ነገ ጠመኔ ይዘን ሕፃናት ፊት የምንቆም ሰዎችስ ስለ ጎመን የምንናገረው ነገር ቀላል ነገር ነው ወይ? ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ይህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ራሳችንን እናስተዋውቅ። አራት ዕጩ መምህራን ነን። አንዳችን ከወረኢሉ፣ አንዳችን ከኩታበር፣ አንዳችን ከሐይቅ፣ አንዳችን ከደጋን ነው የመጣነው። ሁለታችን ክርስቲያን፣ ሁለታችን ሙስሊም ነን። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር የደሴ ከተማ የቤት ኪራይ አልቀመስ ስላለን፣ ከከተማዋ በስተሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራየን። ለምግብ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችሁ ኮንትራት ገባን። ወሩ ሳይጋመስ ገንዘቡ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታም ሻይ በዳቦ ሆነ። ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ መምህሩ የሚናገረው ቃል ጆሯችን ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ተርቦ መማር ምን ማለት እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን የሚያሳፍረውን እንናገር። ችግሩ ሲጠናብን መጀመሪያ ያሰብነው ራሳችን ማብሰልን አይደለም። በአጠገባችን የተከራዩትን ሁለት እኅቶቻችንን ለመንን። «እኛ አስቤዛውን እንግዛ፣ እናንተ ሥሩልን» አልናቸው። ትልቅ ውለታ የዋልንላቸው መስሎን ነበር። አንደኛዋ ትክ ብላ አየችንና «እኛስ ፈተናውን የምንፈተነው በጭልፋ ነው እንዴ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን አባባል በክፍል ውስጥ ኋላ ቀር ነው ብለን ስንከራከርበት የነበርን ሰዎች፣ ሆዳችን ባዶ ሲሆን እዚያው ተመልሰን ተገኘን። ለእነዚያ እኅቶቻችን ዛሬ በዚህ አምድ ምስጋና እናቀርባለን። ቢሠሩልን ኖሮ ምንም አንማርም ነበር።

ማብሰሉን ሀ ብለን የጀመርነው በሽሮ ነው። የመጀመሪያው ጓጎለ፣ ሁለተኛው አረረ፣ ሦስተኛውን በላነው። ሽንኩርት ሳይቸኩሉ መቁላላት እንዳለበት፣ በርበሬ ከዘይቱ ጋር ሳይበስል ውሃ ከተጨመረበት ጥሬ ጥሬ እንደሚል በየቀኑ አንድ አንድ ነገር እያወቅን ሄድን። እንጀራውማ ባይነሣ ይሻላል! ጤፍ ስለሚወደድ ገብስ ቀላቅለን አስፈጨን፤ እርሾ ከእማማ ወስደን አቦካን፤ ሊጡ ግን በቦሩ ሜዳ ብርድ ሦስት ቀን ሙሉ ኩፍ አልል አለ። እርሾ ለመሥራት ሙቀት እንደሚያስፈልገው በባዮሎጂ ፈተና ላይ በትክክል የመለስን ሰዎች፣ ቡሃቃውን ነፋስ በሚያስገባ መስኮት ሥር አስቀምጠነው ነበር። እማማ ሳቁብንና ወደ ምድጃው አስጠጉት፤ በማግስቱ ኩፍ አለ። ስንጋግረው ደግሞ ምጣዱ አልለቅ አለን። «ምጣዱን አስሳችሁታል ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ማሰስ ምን እንደሆነ ከአራታችን አንድም የሚያውቅ አልተገኘም። የተደቆሰ የጎመን ዘር ምጣዱ ላይ ነስነስ አደረጉና በማሰሻው ጨርቅ አሹት፤ የዘሩ ቅባት ምጣዱን አለሰለሰው፤ እንጀራውም ተነሣ። ጎመን ቅጠሉ ለወጥ፣ ዘሩ ለምጣድ እንደሚሆን ያየነው ያን ዕለት ነው።

የጓሮው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከቤቱ ጀርባ ሳማና ድንጋይ የሞላበት፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ስድስት እርምጃ የሚሆን ባዶ ቦታ ነበረ። ብናስፈቅዳቸው «ድንጋዩን ልቀሙልኝ እንጂ መሬቱስ ምን ይሠራልኛል» አሉን። ሁለት ቅዳሜ ድንጋይ ለቀምን። ዶማና አካፋ ከጎረቤት ተዋስን። ቦታውን በአራት መደብ ከፈልነውና በአንዱ ጎመንና ቆስጣ፣ በሁለተኛው ካሮትና ቀይ ሥር፣ በሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት፣ በአራተኛው ደግሞ ከኮምቦልቻ የመጣ የቲማቲም ችግኝ ተከልን። ውሃ ማጠጫችን ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ አሮጌ ጀሪካን ነበር።

መሬቱ ፍግ ይፈልግ ነበር። እማማን ከላሞቻቸው በረት እበት ብንጠይቃቸው «እበቱን መሬት ካበላችሁት እኔ በምን ልጋግር?» አሉን። እውነታቸውን ነው። በደጋው ወሎ እንጨት ስለሚያጥር እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ሲነድ ናይትሮጂኑ በጭስ ያልቃል፤ የሚተርፈው አመድ ፖታሲየም ቢኖረውም ናይትሮጂኑን አይመልስም። መሬቱ የሚደክመው ገበሬው ሰንፎ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ገለባ፣ ቅጠልና አመድ በአንድ ጉድጓድ እያጠራቀምን ብስባሽ አዘጋጀን። በጠርዙም ባቄላ ዘራን፤ የባቄላ ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለመሬቱ ያተርፋሉና። ይህን ሁሉ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረነዋል። ግን የባቄላ ሥር ነቅለን እነዚያን ትንንሽ እንቡጦች በዓይናችን ያየነው ዘንድሮ ገና ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ ቲማቲሙ ማበብ ሲጀምር ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አንድ ቀን ማለዳ ግን ስንነሣ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ቲማቲሙ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጠቁሮ ተልፈሰፈሰ። ለመሆኑ ለምን ሆነ? ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ቦሩ ሜዳ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ሌሊቱን ሙቀቱን ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ በመሆኑ ከየጋራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሠፊና ለጥ ያለ መሆኑ ለዓይን ያማረው ሜዳ ለውርጭ ኩሬ ይሆንለታል ማለት ነው። በቲማቲሙ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሕዋሳቱን ይጎዳቸዋል። እኛ ስንተክዝ እማማ መጡና «አብሽሩ ልጆቼ፣ ጎመኑን እዩት እስቲ» አሉን። ጎመኑ ምንም አልሆነም! እንዲያውም ከዚያ ወዲያ የቀጠፍነው ጣዕሙ ጣፈጥ ያለ ነበር። ጎመን ሲበርደው በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ስለሚያጠራቅም ቶሎ አይረጋም። በአንድ ጠዋት የተማርነው ጂኦግራፊና ባዮሎጂ ይህ ነው። ዋጋውም አንድ መደብ ቲማቲም ሆነ። በየካቲት የበልግ ዝናብ ሲጥል በዚያው መደብ ድንች ተከልንበት፤ በሰኔ ቆፈርነው።

ድንች ስንል አንድ ነገር ትዝ አለን። ድንች ለአገራችን እንግዳ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደኛ ያስገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። የሀበሻ ጎመን ግን የሰናፍጭ ወገንና የጥቅል ጎመን ወገን በጥንት ዘመን ተዳቅለው የተገኘ፣ በዚሁ በኛ ደጋ ሲለማ የኖረ ተክል ነው። ለእንግዳው «ድንች ጥብስ» ብለን በከተማ ገንዘብ እንከፍላለን፤ ባለቤቱን ግን የድሃ ምግብ እንለዋለን። ፍርድ ነው ይሄ?

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። አራታችን ከአንድ ድስት ነው የምንበላው። የወሎ ልጅ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ሥጋ ሲመጣ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ቢላዋው የማን ነው፣ የባረከው ማን ነው ይባላል፤ በሠርግም በተዝካርም ሁለት ድስት ይጣዳል። ይህ የእምነት ጉዳይ ነውና ማንም ማንንም አይነቅፍም። ጎመን፣ ድንችና ምስር ግን ቢላዋ አይጠይቁም። ባለፈው 2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን በአምስተኛው ቀን የካቲት 22 ተከተለው። በዚያ ወር በኛ ክፍል የሆነውን እንንገራችሁ። ሙስሊሞቹ ቀኑን ሙሉ ጾመው ይውላሉ፤ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ከሥጋና ከወተት ታቅበዋል። የጎመኑና የድንቹ ወጥ ለሁላችንም የተፈቀደ ነበር። ክርስቲያኖቹ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ሲችሉ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ጠብቀው ሁላችንም አብረን ቀረብን። ጠብቁ ያላቸው አልነበረም።

ያለንበት ቦታ ቦሩ ሜዳ መሆኑን አትርሱ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ሜዳ ይኸው ነው። ከዚያ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትናን እንዲቀበል ታዞ ብዙ መከራ ደርሷል። ታሪኩን እዚህ የምናነሣው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። አዋጅ ሊያደርገው ያልቻለውን፣ ማለትም ልዩነትን ሳያጠፉ በአንድ ማዕድ መቀመጥን፣ የወሎ እናቶች በየማጀታቸው ሲያደርጉት መኖራቸውን ለማስታወስ ነው። እኛም ከነሱ ቀዳነው እንጂ አልፈጠርነውም።

ስለ አበሳሰሉም ሁለት ቃል እንበል። ጎመንን ብዙ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ልማድ ነው። እኛም ባለ ዕውቀት መስለን «እማማ፣ ቫይታሚኑ እኮ ከውሃው ጋር ሄደ» አልናቸው። «ምሬቱም አብሮ ሄደ» ብለው መለሱልን። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። በመጨረሻ ጎመኑን ሳይከተፍ አጥቦ፣ በጥቂት ውሃ ቶሎ አብስሎ፣ ውሃውን ሳይደፉ ማውረድ ላይ ተስማማን። ጎመንና ካሮት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው፤ ጉድለቱ ዳፍንትን ያመጣል። ይህ ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ የሚዘልቀው ከቅባት ጋር ሲሆን ነውና ጠብታም ብትሆን ዘይት ታስፈልጋለች። ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲጨመርበት ደግሞ በጎመኑ ውስጥ ያለው ብረት በተሻለ ይዋሃዳል። ቡናና ሻይ ግን ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲሆኑ ብረቱን ይሻሙታል። ለወሎ ሰው ቡና ይቅር አንልም፤ ትንሽ ይዘግይ ነው የምንለው።

እንግዲህ ልብ በሉልን ወዳልነው እንመለስ። ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። የተክል ክፍሎችን ስናስተምር ከጓሯችን አንድ ጎመን ከነሥሩ ነቅለን ወሰድን። ገና ከፍ አድርገን ከማሳየታችን አንድ ትንሽ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ሥሩን ትል በልቶታል» አለን። ብናየው እውነቱን ነው፤ እኛ ሳናይ የከረምነውን ልጁ በአንድ አፍታ አየው። ከዚያም «በዚህ ሳምንት ጎመን የበላ እጁን ያውጣ» ስንል አንድም እጅ አልወጣም። የጎመን አገር ላይ ቆመን አንድም እጅ! ከክፍል ስንወጣ አንዲት ልጅ ተከትላ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኛ ቤት ጎመን ነው የምንበላው፤ እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው» አለችን። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንቱ ልጅ እንደሷ እጁን ደብቆ ይሆን? እኛም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ብንጠየቅ እጃችንን አናወጣም ነበር።

ጓደኞቻችን፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጆች ጎመን ማፈሪያ መሆኑን ይዘው አልተወለዱም፤ ከትልልቆች ሰምተው ነው። ከነዚህ ትልልቆች አንዱ መምህሩ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ «የተመጣጠነ ምግብ» ብሎ ጽፎ፣ ወተትና እንቁላል ሥሎ፣ ልጆቹ ቤት ያለውን ጎመን ሳይጠራ የሚያልፍ መምህር ሳያውቀው ልጆቹን በቤታቸው ያሳፍራቸዋል። ጎመን የበላም፣ ምንም ሳይበላ የመጣም ልጅ አንድ ላይ ዝም ይላል። መምህሩም የተራበውን ለይቶ ማወቅ አይችልም። እኛ የአራተኛውን ክፍለ ጊዜ ረሃብ ስለቀመስነው ዝም ያለውን ልጅ ሰነፍ ለማለት ከእንግዲህ አንቸኩልም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን ከወዲሁ «ጎመን በላተኞቹ» የሚል ስም አውጥተውልናል፤ ተቀብለነዋል። ሌሎች «የተማርነው ከዶማ ለማምለጥ አይደለም ወይ?» ይሉናል። ለመሆኑ ወላጆቹ በዶማ የሚያድሩ ልጅን የሚያስተምር ሰው ዶማን ንቆ ልጁን እንዴት ያከብራል? «ጊዜ አይሻማም ወይ?» ለሚሉን፣ ይሻማል። በተለይ በመጀመሪያው ወር ተቸግረን ነበር። ተራ ካወጣን በኋላ ግን ምግብ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ከምናጠፋው ጊዜ አልበለጠም። ከሁሉ የሚከብደው «የመምህር ኑሮ ባልተሻሻለበት ሁኔታ ጎመን ትከሉ ማለት ማላገጥ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ጓሯችን ወጥ ሰጠን እንጂ እንጀራ፣ ዘይትና በርበሬ ከገበያ ነው የገዛነው። ጓሮ ደመወዝ አይሆንም። የመምህር ደመወዝ ጥያቄ በጎመን አይመለስም፤ ማንም ጽሑፋችንን ለዚህ እንዲጠቀምበት አንፈቅድም። ጓሮ ድርቅንም አያስቀርም፤ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያለቀው የወሎ ሕዝብ ጎመን መትከል ስለማያውቅ አልነበረም። ሆኖም በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ገበያ ሲዘጋ፣ በጓሮው ጥቂት ነገር የነበረው ሰው ለጎረቤቱም እንደተረፈ ያኔ ልጆች የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን።

ስለዚህ ለተቋማችን የሚከተለውን ሐሳብ በአክብሮት እናቀርባለን፦

1ኛ፦ ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ሣር ብቻ የሚበቅልበት ቦታ በየክፍሉ በመደብ ተከፋፍሎ ለሠልጣኞች ይሰጠን። ድንጋዩን ራሳችን እንለቅማለን።

2ኛ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሴት ሳይለይ ማብሰል የሚማርበት ፕሮግራም ይኑር። አስተማሪዎቹ የግድ ባለ ዲግሪ መሆን የለባቸውም፤ በአካባቢያችን ያሉ እናቶች ቢጋበዙ ከማናችንም በላይ ያስተምሩናል።

3ኛ፦ የሳይንስና የጂኦግራፊ መምህሮቻችን ቢያንስ ጥቂት ክፍለ ጊዜዎችን መደቡ አጠገብ ቆመው ያስተምሩን። ውርጭን በመጽሐፍ አንብበነው ነበር፤ የገባን ግን ቲማቲማችን ሲሞት ነው።

ለአባቶቻችን አባባል ያለን አክብሮት እንደተጠበቀ ነው። የገንፎው ምንቸት ይግባ፤ እሰየው፣ ማን ይጠላል! የጎመኑም ምንቸት ግን አይውጣ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይጣዱ። «ጎመን በጤና» ያሉትም እኮ እነዚሁ አባቶቻችን ናቸው።

ከዚህ ወረቀት ግርጌ በምስማር ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ከረጢት አለች። በውስጧ ካለፈው ዓመት ጎመናችን ያስቀረነው ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ ይገኛል። አንዳንድ ጥቅል ውሰዱ። የሚቀርባችሁን መሬት ፈልጉና ዝሩት። የማትስማሙበትም መልሳችሁን ጽፋችሁ በሚቀጥለው እትም አጠገባችን ለጥፉ፤ እናነበዋለን።

ቸር ይግጠመን!

ከቦሩ ሜዳ አራቱ «ጎመን በላተኞች»